ከመውሰድሽ በፊት

ትሁኔ፣ አረፍ በይ፤ ካርቶኑን አኑሪው፤
ያመጣሽን ባጃጅ «ትንሽ ቆየኝ» በይው።
ግልገሏ ተኝታለች ከመኪናዬ ሥር፣
ከፔዳሉ ጥላ፣ ከቁራጭ ሱፍ ክምር።
እስክትነቃ ድረስ ላውጋሽ ቁጭ ብዬ፤
«ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት» አትበይኝ፣ እህትዬ፤
እኔ ቆጥሬያለሁ።
አንድ ናት።

አዲሱ ቤትሽ ፎቅ ነው፣ አራተኛው ላይ፤
መስኮቱን ስትከፍቺ ጣና ነው፣ ሰማይ።
ሸመላ ዝቅ ብሎ መስኮቱን ታክኮ ሲያልፍ፣
ከፍታውን አታውቅም፤ የምታየው ክንፍ።
ወንፊት ሽቦ አስመቺ፤ አናጢው አንማው ባንድ ቀን ይጨርሳል፤
ባልሽ «ለድመት ሽቦ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ይረሳል።

ወለሉን በበረኪና ከወለወልሽ፣ እስኪደርቅ አታስገቢያት፤
የእግሯ ሳሙና ምላሷ ነው፣ ሌላ መታጠቢያ የላት።
ልብስ ማጠቢያውንም ሳትከፍቺው እጅሽን ሰደሽ ዳብሺ፤
ጨለማና ለስላሳ ነገር ለእሷ አልጋ ነው፣ እንዳትረሺ።

እንየው ከታንኳው ሲወርድ የቀረሶ ራስ ያመጣልኛል፤
ደግ ነው፤ ሲቸኩል ግን መንጠቆውን ከነሲባጎው ይተውልኛል።
ከንፈሩን፣ ጉሮሮውን ዳስሼ ነው የምሰጣት፤
ይህ የአውራ ጣቴ ጠባሳ ነው ያስተማረኝ፣ አንድ ዕለት።

ክሩን ግን፣ ትሁኔ፣
ክሩን ስሚኝ።

የፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ትእዛዙ ተደራርቦ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
በሻማ ጥልፍ ስጠልፍ፣ ዓይኔ እንቅልፍ ሞልቶ፣
አረንጓዴው ክር የት ገባ ብዬ ስፈልግ፣ አንድ ጫፍ ብቻ
ተንጠልጥሎ አየሁት ከዳንቴል አፍ፣ ከከንፈሯ ዳርቻ።
ልስበው አልኩና ያዝሁት።
በሌላው እጄ ደወልኩ፤ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ዶክተር ትንግርት፣ ጮኸች፦
«እንዳትስቢው! ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል? ሽብሽቦ ታውቂያለሽ?
አንጀቷ ነው የሚሸበሸበው፣ እንደ ቀሚስ ወገብ፣ ክሩን ከሳብሽ!»
ሠላሳ ዓመት ቀሚስ ስሸበሽብ የኖርኩ ሴት
ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ። አንድ በአንድ፣ በፍርሃት።
ከሽምብጥ እስከ ክሊኒኩ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፤
ጊዮርጊስን ስናልፍ ተሳለምኩ፣ «ለድመት ነው፣ አትታዘበኝ» ብዬ።
አሥራ አንድ ቦታ ሰፋቻት። ቆጠርኩት።
እኔ ብሆን ጠጋ ጠጋ አድርጌ እሰፋው ነበር።
ግን ዳነች።

ከዳንቴል በፊት ሌላ ነበረችኝ።
ስም እንኳ አላወጣሁላትም፤ «ውሪት» ነበር የምላት፣ እንደ ማንም።
አይጥ የሙሽራ ካባ በላብኝ፣ ከጠርዙ አንድ ስንዝር፤
መርዝ ገዛሁ ከጉልት፣ ከረሜላ በመሰለ ወረቀት፣ በአሥር ብር።
እንዳትደርስበት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሸሸግሁ፤
ብልህ ነኝ አልኩ። ተኛሁ።

እሷ መርዙን አልነካችም፣ ትሁኔ።
አይጡን በላች።
ሥራዋን ሠራች።

«አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባላል፤
ድመት ለሞቷ ምን እንደምታሸት ማን ተርቶ ያውቃል?
ካባው ተጠገነ፤ ሙሽሮቹ ዛሬ ሦስት ልጅ አላቸው፤
ከጓሮዬ ዘይቱን ሥር ማን እንዳለች አያውቁም፣ ማን ነግሯቸው።
አሁን በወጥመድ ነው የምይዘው፤ ጣቴን ሲይዘኝም ዝም እላለሁ።

እነሆ ነቃች። ውሰጃት።
ባጃጁን «ቀስ ብለህ ንዳ» በይው፤ ድልድዩ ላይ ነፋስ አለ።
ይቺንም ጨርቅ አብረሽ ያዢ፤ የእናቷ ጠረን አለባት፣
ሌሊት ስታለቅስ አልብሺያት።
ትናንት ማታ ጠርዟን ዙሪያውን አጥፌ ሰፍቻታለሁ፤
ሦስት ጊዜ ዳስሻታለሁ፤
የተንጠለጠለ ክር የላትም።